ቦርሳዬን የለመደች ነብር

ጥር 6

ወይዘሮዋ ዛሬ ዓይናችን እያየ አንድ ዝንጀሮ ዘነጠለች። ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ዘላ ወረደችና ማጅራቱን ነከሰችው፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ። መንጋው እየጮኸ መጣባት። ትልቁ ወንድ ጎኗን በክራንቻው ተረተረው፣ እሷ ግን የያዘችውን አልለቀቀችም። የራሷና የዝንጀሮው ደም ተቀላቅሎ ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ጎትታው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ከጎብኚዎቹ አንዷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ መንጋጋ ስትነቅል የምትውል ሴት! እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንስቼዋለሁ። እጄ ንቅንቅ አላለም።

ወይዘሮ የምላት ነብሯን ነው። ሰርግ ቤት አርፍዳ እንደምትገባ ወይዘሮ፣ ማንንም ሳታይ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያያት ግን እያወቀች ነው የምትራመደው።

አማቼ ጠመንጃውን ደግኖ ከፊታችን ቆሞ ነበር። የታናሽ እህቴ ባል ነው። እኔ ካሜራ የያዙ እንግዶችን በጥብቅ ደኑ ውስጥ በእግር እመራለሁ፣ እሱ ደግሞ ነፍሳችንን ይጠብቃል። ደንቡ አጭር ነው፦ ጠመንጃ ያዥ ከፊት ይሄዳል፣ ከጠመንጃው በቀር ምንም አይሸከምም።

«ጋሼ፣ ኧረ ትንሽ ወደኋላ በል! ፎቶው ካንተ ይበልጣል?» አለኝ።

«በደንብ ነው የሚበልጠው» አልኩት።

ሳቀ። ጥሩ ሰው ነው፣ በቀላሉ ይስቃል።

ጥር 9

አለቃችን ቢሮው ጠራን። ስሙን ፈገግታ ብለነዋል፤ ከተወለደ ጀምሮ ጥርሱን ያየለት የለም። ተቀመጡ እንኳ ሳይለን ጀመረ።

«በመኪና የሚሄዱት ጎሽ አይተው ይመለሳሉ። የናንተ እግረኞች ምስጥ አይተው ይመለሳሉ። ዝናቡ እስኪገባ እታገሣለሁ። ያቺን ነብር በቅርብ ካሳያችኋቸው ጥሩ፤ ካልሆነ የእግር ጉዞው ይዘጋል።»

«ነብር በቀጠሮ ትመጣለች እንዴ ጌታዬ?» አለው አማቼ።

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

የእግር ጉዞው ተዘጋ ማለት አማቼ ከሥራ ወጣ ማለት ነው። የሚኖሩበት ቤት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ነው። እህቴ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ፣ ልጇን አንጠልጥላ የት ትገባለች? ስለራሴ አይደለም የምጨነቀው፤ ወንደላጤ የትም ያድራል። የማስበው ስለነሱ ነው።

ጥር 14

ከወንዙ ማዶ የሽቦ ወጥመድ ውስጥ የገባች ድኩላ አገኘን። ስትታገል አድራ ሽቦው የኋላ እግሯን እስከ አጥንቱ በልቶታል። ስታየን እንደ ሕፃን ጮኸች። እንግዶቹን ዘወር አደረግኳቸው፤ ፎቶ ካነሱ በኋላ ማለቴ ነው። አማቼ ጉልበቱን አንገቷ ላይ አሳርፎ በቢላ ገላገላት። ሲነሳ እጁ እስከ ክርኑ ደም ነበር፣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ይሄን ያጠመደውን ሰው ባገኘው በዚሁ ሽቦ ነበር የማንቀው» አለ። ያደርገዋል። እንዲህ ሲቆጣ ከእህቴ በቀር የሚያበርደው የለም።

ደንቡ የሞተ እንስሳ ባለበት ይተው ይላል። ባለበት ቢተው የጅብ እራት ነው። ስለዚህ እንግዶቹን ከሸኘን በኋላ ብቻዬን ተመለስኩና አንድ ታፋ ቆርጬ፣ በካሜራ ቦርሳዬ ይዤ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ጅብ ከሚበላው እሷ ብትበላው ምን አለበት? በሩ ላይ «እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ። እሱ የተጻፈው ለጦጣ ብስኩት ለሚወረውሩ ሰዎች ነው።

ጥር 15

መጣች! ከእንግዶቹ ጋር ስንደርስ ድንጋዩ ላይ ተጋድማ አጥንቱን ትቆረጥማለች። እንደዚህ ቀርቤ አይቻት አላውቅም። ምላሷ ላይ ያለው እሾህ ሳይቀር ይታያል። የጥርስ ሐኪሟ እንደገና መጥታ ነበር፤ ዛሬም አለቀሰች፣ የዛሬው የደስታ ነው።

አማቼ አጥንቱን አይቶ «የድኩላዋ ታፋ ይመስላል» አለ።

«ጎትታው ይሆናላ» አልኩት።

ወንዙን ተሻግራ ጎትታው ሊሆን ይችላል። ነብር ጉልበተኛ ናት።

ጥር 24

ሥጋ ሻጩ «ውሻ አመጣህ እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ስሙ ማነው?» አለ፣ ነገረኛ። «ወይዘሮ» ስለው ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ።

ጎህ ሲቀድ እሄድና ድንጋዩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ተመልሼ እንግዶቹን ከበሩ እቀበላለሁ። ማንም አያውቅም፣ ማንም አልተጎዳም። ዛሬ ቁጥቋጦው ውስጥ ሆና ስትጠብቀኝ አየኋት። የምታየው እኔን አልነበረም፣ ቦርሳውን ነው። ከትከሻዬ ሳወርደው ጅራቷ ይወራጫል። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። በሕይወቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የጠበቀኝ ፍጡር የለም።

የቦርሳው ዚፕ ስለተበላሸ ለእህቴ ወሰድኩላት። አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ሰፋችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ሞቶበት ነው?»

«የሌንስ ማጽጃ ነው።»

«የሌንስ ማጽጃ ዝንብ ይጠራል?»

«አንቺ ደሞ ካልመረመርሽ አይሆንልሽም» ብያት ወጣሁ። ስወጣ ልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንግባ ስትገባ በሩ ላይ ተላለፍን። አጎቴ ብላ ወገቤ ላይ ተጠመጠመችና ወዲያው «ኡፍ፣ ትሸታለህ» ብላ ሸሸችኝ።

የካቲት 2

እንግዳ ሞልቷል። ፈገግታ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ የላይኛው ከንፈሩ ትንሽ ተነሳና ሐሳቡን ቀየረ። «ቀጥሉ» ብቻ አለ።

እህቴ ቤት እራት በላሁ። አማቼ ጣሪያውን ሊያስጠግን አስቧል። ያን ሁሉ ማን እንዳመጣላቸው አያውቁም፤ ይሁን፣ ሳይታወቅልኝም ደስ ይለኛል።

የካቲት 5

ዛሬ የፈሰሰው የሰው ደም ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛና አንድ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ድንጋዩ በደንብ በሚታይበት ቦታ ተጣሉ።

«እኔ ቀድሜ ነው የቆምኩት!»

«ቦታውን ገዝተኸዋል?»

ዳኛው የካሜራ ማቆሚያውን ትራይፖድ አንስቶ ነጋዴውን ግንባሩ ላይ አለው። ነጋዴው ደሙን በመዳፉ ጠርጎ አየና የሽማግሌውን ጉሮሮ አነቀ። ዳኛው ዓይኑ ፈጦ፣ ምላሱ ወጥቶ፣ አሁንም ትራይፖዱን ያወናጭፋል። ልገላግል ስገባ አንዱ ምት ወገቤ ላይ አረፈ። አማቼ ሁለቱንም በኮሌታቸው አንጠልጥሎ ለያያቸው፤ ነጋዴው አሻፈረኝ ሲል በጥፊ አጮለው። ወይዘሮዋ ይሄን ሁሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ከመሃላችን ጨዋ የምትመስለው እሷ ነበረች።

ወገቤ አብጧል። በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው።

የካቲት 8

የበሩን ዘበኛ ውሻ ገደለችው።

ዘበኛው ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ ወንበሩ ሥር አስቀምጦ ነበር፣ ውሻው አጠገቡ ተኝቷል። በጠራራ ፀሐይ መጣች። ውሻውን ከሆዱ ላይ ተርትራ ወረወረችውና ፌስታሉን ይዛ ሄደች። ውሻውን አልበላችውም። ስንደርስ ገና ነፍሱ አልወጣችም፣ አንጀቱን እየጎተተ ወደ ጌታው በር ሊሄድ ይታገላል። ዘበኛው ከውስጥ ቆልፎ እያለቀሰ ነበር፣ ሱሪው ርሷል። አማቼ ውሻውን በጥይት ገላገለው።

«ሰው መፍራት ትታለች ጋሼ» አለኝ ስንመለስ። «የሆነ ሰው አስለምዷታል።»

«ድርቁ ነው» አልኩት። «የምትበላው አጥታ ነው።»

«ዝንጀሮው ሞልቶ?»

«ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ? ወጥመድ የሚያጠምዱት ሰዎች አቁስለዋት ይሆናል።»

ፊቴን አየኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚለው ተረት ትዝ አለኝ፤ ግን ወጥመድ አጥማጆቹም ጻድቃን አይደሉም።

የካቲት 11

ላቆም ነበር። እውነቴን ነው። ዛሬ ምንም ሳልይዝ ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ ሆና ቦርሳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከእንግዶቹ ጋር መንገድ ስንጀምር ከኋላ ተከተለችን። እንግዶቹ «እንዴት ደስ ይላል!» ይላሉ። አማቼ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሸሸች አይባልም፤ ዘወር አለች ነው የሚባለው።

የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። ነገ ትንሽ እወስድላታለሁ። ቀስ በቀስ እያሳነስኩ አስተዋታለሁ። ሕፃንም ጡት የሚጥለው እንደዚህ ነው።

የካቲት 15

አማቼን ያዘችው። አልሞተም። ደሙ እጄ ላይ ስላለ ብዕሩ ያንሸራትተኛል። ግራ እጁ። ፊቱ። ለእህቴ ማን ይንገራት? መኪናው መጣ።

የካቲት 15፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ወገቤ ታስሮ አልጋዬ ላይ ቀረሁ፤ ቀድሜ ወደ ድንጋዩ መሄድ አልቻልኩም። ከበሩ ስንነሳ ሥጋው ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ነው። ድንጋዩ ጋ ስንቃረብ ቀድሜያችሁ ቦታውን ልይ ብዬ ላስቀምጠው ነበር ያሰብኩት። ዳገቱ መሃል ላይ ግን ወገቤ እምቢ አለ።

«አማቼ፣ ይቺን ቦርሳ ለትንሽ ያዝልኝ።»

«ደንቡን የምታውቀው አንተ ነህ ጋሼ።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ወገቡን አሞት አያውቅም።»

ሳቀ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ እንዳለ ቦርሳውን ከላይ ደረበው። ጠመንጃው ከቦርሳው ሥር ቀረ። እኔም አየሁ፣ እሱም ያውቃል። ለትንሽ ነው ብዬዋለሁ፣ ለትንሽ መስሎት ነው።

ከጎን ነው የመጣችው፣ ያለ ድምፅ። ጀርባውን ስትመታው በግንባሩ ወደቀ። እንግዶቹ እየተጋጩ ቁልቁል ሸሹ። ቦርሳውን ነክሳ ትነቀንቃለች፣ እሱም አብሮ ይነቀነቃል፤ ማንገቻው ግራ ክንዱ ላይ ተጠምጥሟል። በጥፍሯ ፊቱን አንዴ ስትጠርገው ጉንጩ እንደ ጨርቅ ተገለጠ። ተገላብጦ በቀኝ እጁ ዓይኗን መታት። ያኔ ክንዱን ነከሰችው። አሁንም አሁንም ነከሰችው፣ ሰው ጠንካራ ገመድ በጥርሱ ሊበጥስ ሲታገል እንደሚያደርገው። አጥንቱ ሲደቅ ሰማሁት። ከዝንጀሮው ይልቅ ጮክ ይላል።

ጮኼአለሁ። ድንጋይ ወርውሬያለሁ። አንድ ድንጋይ እንኳ መወርወሬን እርግጠኛ ነኝ።

በመጨረሻ ማንገቻው ተበጠሰ። ቦርሳውን ይዛ ሄደች፤ ወደኋላዋ እንኳ አላየችም። ቀበቶዬን ፈትቼ ክንዱን አሰርኩለት። ከክርኑ በታች ያለው በቆዳ ብቻ ነበር የተንጠለጠለው።

ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር። ፈገግታ መኪናው ጋ ሲያገኘኝ «አንስተሃል?» አለኝ፣ እንደሚያዝንም እንደሚጓጓም ሆኖ። «ምን ጊዜ አገኘሁና» አልኩት። ጣቴ ግን በራሱ ሠርቷል። የስንት ዓመት ልማድ ነው፤ አናጢ ከጣሪያ ሲወድቅ መዶሻውን ይዞ እንደሚወድቀው ነው። ምን እንደወጣ አላየሁትም።

ውሸት ነው። አይቼዋለሁ። በፎቶዎቹ ላይ ጥርሷ የሚታየው ቦርሳው ላይ ነው። ፀሐዩ ከፊት ስለነበር እንደዚያ መስሎ ይሆናል።

የካቲት 17

ሆስፒታል። እጁን ከክርኑ በላይ ቆርጠውታል። ፊቱ ላይ ያለው ስፌት ከጆሮው ተነስቶ አፉ ድረስ ይደርሳል። እህቴ ቁና ቁና እየተነፈሰች አልጋው ሥር ቁጭ ብላለች። ሳቅፋት እንደ እንጨት ደረቀችብኝ።

አማቼ ሲነቃ ፈለገኝ። በተሰፋ አፉ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው።

«ጋሼ፣ ቦርሳህን አልሰጠኋትም። በመጨረሻ ነው የነጠቀችኝ።»

«ለምን አልለቀቅክላትም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎብኝ ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ።

«ያንተ ዕቃ አይደል? እንጀራህ ነው ብዬ ነዋ። ሌንሶችህ ተረፉ?»

ተርፈዋል። ጠባቂዎቹ ቦርሳውን ቁጥቋጦ ሥር ተቦጫጭቆ አግኝተውታል። ሌንሶቹ ጭረት የላቸውም፤ ሌላው ነገር የለም። ይሄን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ፣ ደስ ያለው መሰለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፣ የአውራ ጣቴ አጥንት ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ምን ሆነህ ነው ሲለኝ በር ነው አልኩት።

የካቲት 21

እንድትገደል ታዟል። ተኳሾች መጥተው ደኑን ሲያምሱ ዋሉ። ማታ አንድ ነብር በእንጨት አንጠልጥለው ይዘው መጡ፣ እየዘፈኑ። ገና ጎረምሳ ወንድ ነው! ጎኑ ላይ የዝንጀሮ ጠባሳ የለውም፣ ወንድነቱ እንኳ ፊት ለፊት ይታያል። አንደኛው ተኳሽ ሬሳው ላይ ቆሞ ፎቶ አንሳኝ አለኝ። ደረቱን ገፍቼ ጣልኩት። ተነስቶ አፌን በቡጢ አለኝ፣ ከታች ያለው ጥርሴ ይነቃነቃል። ደስ አለኝ፣ የሆነ ሰው ሊመታኝ ይገባ ነበር።

እሷን አያገኟትም። የጥይት ድምፅ ስትሰማ ከአለቱ በላይ ትወጣለች። ሳገኛት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።

የካቲት 26

መንገድ ሠራተኛ። አካፋውን ይዞ፣ የምሳ ቦርሳውን አንግቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። ጀርባውን እስከ ጎድኑ ልጣው ቦርሳውን ወሰደች። በአካፋው ስለመታት ነው የተረፈው ይላሉ። ከፊት የነበሩት ጓደኞቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ በአጠገባቸው አልፋ ነው ወደ እሱ የሄደችው።

ፈገግታ «ሰው በላ ሆናለች» አለ።

ሰው አልበላችም። ይሄን ልለው ፈለግኩና ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የኔ ዝምታ ግን መሽተት ጀምሯል።

የካቲት 28

ዛሬ ጠዋት የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። መንገዱ በደኑ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። የሠራተኞቹ ልጆች ሁሉ በዚያ ነው የሚሄዱት፣ ሁሉም ቦርሳ አንግበዋል፣ ሁሉም ቦርሳ ውስጥ ምሳ አለ። ልጅቷ ከፊቴ ትዘላለች፣ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ላይና ታች ይላል። ቦርሳውን ከጀርባዋ ነጥቄ እኔ ያዝኩት። «አጎቴ፣ የራሴ ነው!» ብላ አለቀሰች። ደረቴ ላይ አቅፌው ስሄድ ያየኝ ሁሉ ያበድኩ መስሎት ይሆናል።

በቀጥታ ፈገግታ ጋ ገባሁ።

«እኔ አመጣታለሁ። ተኳሾቹን ስጠኝ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ታውቀኛለች።»

«ከየት ነው የምታውቅህ?»

«ፎቶ አንሺዋ አይደለሁ?» አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። ሰውየው ሞኝ አይደለም።

መጋቢት 2

አልቋል።

ቦርሳውን በገመድ አስሬ፣ ሥጋውን ከትቼ ሄድን። ሁለት ተኳሾች፣ ፈገግታ፣ እኔ። አማቼም መጣ። ከሆስፒታል ከወጣ ገና ነው፣ የሸሚዙ ግራ እጅጌ ባዶውን ይወዛወዛል። ተው ብንለው «በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። ተኳሾቹ ከአለቱ ጀርባ ተኙ። እኔ ከድንጋዩ ፊት ለፊት ቆምኩ።

ብዙ አላስጠበቀችም። አላደባችም፣ አልተሸሸገችም። በአካፋው የተመታ ግንባሯ አብጦ አንድ ዓይኗ ተደፍኗል። ያው የድሮ አረማመዷ ነው፣ አሁን ግን ታነክሳለች። ድንጋዩ ላይ ወጣችና ቁጭ አለች። ቦርሳውን ከትከሻዬ ሳወርድ ጅራቷ ተወራጨ።

ማንም አልተኮሰም። ተኳሾቹ ሰው ላይ ስታደባ የኖረች አውሬ እየጠበቁ ነበር፤ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ አልመሰላቸውም። ፈገግታ «ተኩስ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

የመጀመሪያው ጥይት መንጋጋዋን ሰበረው። ከድንጋዩ ወደቀች፣ ተነሳች፣ የታችኛው አገጯ ተንጠልጥሎ ደሙ ይንዠቀዠቃል። ወደ ተኳሾቹ አልዞረችም። ወደኔ መጣች፣ እየተሳበች፣ ዓይኗ ቦርሳው ላይ ነው። እግሬ ሥር ስትደርስ አፏን ልታሳርፍበት ሞከረች፣ የሚነክስ አፍ አልነበራትም። ሁለተኛው ጥይት ጭንቅላቷን ሲመታው ትኩስ ነገር ፊቴ ላይ ተረጨ። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር፣ ግን ተኮሱት። አራተኛውንም።

ዞር ስል አማቼ ጀርባዬ ቆሟል። ወደ ሬሳዋ አላየም።

«ቁጭ አለች» አለ።

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«ያን ቀን ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር?»

ፈገግታም ተኳሾቹም ይጠብቃሉ። መልሱን ለማወቅ ቦርሳውን መክፈት ብቻ ይበቃቸው ነበር፣ ማንም አልነካውም። እሱ ግን ፊቴን አንብቦ ጨርሷል። በቀረችው እጁ ይመታኛል ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁለት። አልመታኝም።

«ለእህትህ አንተ ራስህ ንገራት» አለኝ። «ከኔ አፍ አትስማው።»

ጋሼ አላለኝም። ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ፣ ሚዛኑ ገና ስላልተስተካከለ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

መጋቢት 3

ነገርኳት።

የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፣ የባሏን ሸሚዞች ግራ እጅጌ እያጠፈች ትሰፋለች። የተጨረሱት አጠገቧ ተደርድረዋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። ቆሜ ነው የነገርኳት። ስለ ታፋው፣ ስለ ሥጋ ሻጩ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ያን ቀን ሥጋው ቦርሳው ውስጥ ስለመቅረቱ። ለናንተ ብዬ ነው የሚለውን ልጨምር ነበር፤ ተውኩት። ካውያውን ትወረውርብኛለች ብዬ ነበር። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች፣ መኪናው ቆመ፣ ሌላ ምንም።

«ፎቶ አንስተሃል አሉ» አለች።

«ማን አለ?»

«ከእንግዶቹ አንዷ ሆስፒታል መጥታ ነበር። የጥርስ ሐኪሟ። ቁልቁል እየሸሸች ዞር ብላ አይታሃለች። ካሜራውን ስጠኝ።»

«አታዪው እህቴ። ስለ እግዚአብሔር።»

«ስጠኝ።»

ሰጠኋት። እንዴት እንደሚገላበጥ አሳየኋት። ባሏ በግንባሩ ሲወድቅ አየች። ጉንጩ ሲገለጥ አየች። ክንዱ ነብሯ አፍ ውስጥ ገብቶ፣ ነጩ አጥንት ወጥቶ፣ ደሙ ሣሩ ላይ ተረጭቶ አየች። እያንዳንዱ ላይ ቆም እያለች ታያለች። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው፣ አንድም የተንቀጠቀጠ የለም። ድንጋይ የወረወረ ሰው እጅ ያነሳቸው አይመስሉም። እሷም ይሄንን ሳታውቀው አልቀረችም፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ እጅ ሲረጋ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቱን ወደ ካሜራው ያዞረበት ነው። ደም ያልሸፈነው አንድ ዓይኑ ቀጥታ ያያል።

«እዚህ ጋ አንተን ነው የሚያየው።»

«አዎ።»

«አፉን ከፍቷል። ምን እያለ ነው?»

መስኮቱን አየሁ። የተደረደሩትን ሸሚዞች አየሁ። አልሰማሁትም ብላት ታምነኝ ይሆናል፣ ነብሯ ስታጉረመርም፣ እንግዶቹ ሲጮሁ እንዴት ይሰማል? ግን ሰምቼው ነበር። ጣቴን ከመጫኔ በፊት ነው የሰማሁት።

«ጋሼ እያለ ነው» አልኳት።

ካሜራውን አጥፍታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነስታ ባሏ ወደተኛበት ክፍል ገባችና በሩን ከውስጥ ቆለፈች።